ለካዝና የቆመ አዳራሽ

የጋሽ ሀብቴ አስከሬን ከቤት እስኪወጣ እየጠበቅን ሳለ ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። የሐዘን ቤት ጨዋታ አውቃለሁ፤ ሰው ሐዘንተኛውን ለማዘናጋት አንድ ሁለት ነገር ጣል ያደርጋል፣ ፈገግ ይባላል፣ ያልፋል። ይሄ ግን ሆድ ተይዞ፣ ጉልበት እየተመታ የሚሳቅ ሳቅ ነበር። ከፊት የተቀመጠ አንድ የፒያሳ ጨርቅ ነጋዴ ብድግ አለና ደረቱን ነፍቶ፣ አገጩን ወደ ላይ ሰቅሎ፣ አውራ ጣቶቹን ቀበቶው ውስጥ ሻጥ አድርጎ፣ «ሁሉን አውቃለሁ! የሚያመልጠኝ የለም!» አለ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው። አንዱ የካዝናውን ቀብር ያነሳል፣ አንዱ የወፍራሙን ሌባ ልቅሶ ያስመስላል። ነጋዴው ሲቀመጥ፣ «ያኔ እኮ ደርግን ፊት ለፊት የሳቅንበት እኛ ነን» አለ። አጠገቡ ያለውም የአዋሳ ሕዝብ ድሮም ጀግና ነው ብሎ አጸናለት።

እኔ ከውስጥ፣ ከሟች ሚስት ከወይዘሮ ማርታ አጠገብ ነበርኩ። አዋሳ አዲስ ከተማ ሰፈር ያለው ቤታቸው ነው፤ ድንኳኑ ከበሩ ጋር ስለተያያዘ ሁሉም ነገር ይሰማል፣ ይታያልም። ማርታ ነጠላዋን ከዓይኗ ላይ አነሳችና፣ «ብርቄ፣ ምንድነው የሚስቁት?» አለችኝ። ከከተማው ወጣ ያለችው የቡሹሎ ልጅ ናት። ቤተ ክርስቲያኗ ሲኒማ መግባትን ከኃጢአት ስለሚቆጥረው ባሏ ዕድሜውን የጨረሰበትን አዳራሽ ደጃፍ እንኳ ረግጣው አታውቅም። በፊልሙ ነው አልኳት። «በሌቦቹ?» አለች። አዎ ስላት ነጠላዋን መልሳ ፊቷ ላይ ጣለችው። የእሷ ሐዘን እዚያው ነጠላ ውስጥ ቀረ፤ የእኔ ንዴት ግን የሚገባበት አጣ፤ ለዚህ ነው የምጽፈው።

በዚያ ዘመን ፒያሳ በነበረው ሲኒማ ቤት ትኬት ቆራጭ ነበርኩ። አዳራሹን የሠራው የግሪክ ሰው አብዮቱ ሲመጣ ቁልፉን ጥሎ አገሩ ገባ። አዳራሹም ተወረሰና በሥራ ቀን የስብሰባ፣ ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት የፊልም ሆነ። አንዱ መድረክ ላይ ካድሬ ይናገርበታል፤ እዚያው መድረክ ላይ ነጭ ሸራ ይወርድና ፊልም ይታይበታል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚሁ ነው።

ጋሽ ሀብቴ የፊልም አስተርጓሚ ነበር። የዛሬ ልጆች ይህን ሥራ አያውቁትም። ፊልሙ በራሱ ቋንቋ ይናገራል፤ እሱ ከሸራው በስተግራ ማይክሮፎን ይዞ ይቆምና በአማርኛ ይመልስልናል። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን በዕድሜ አባቴን ስለሚያክል እርስዎ እለው ነበር። «ተይኝ እባክሽ፣ እርስዎ ሲሉኝ ቀበሌ የጠራኝ ይመስለኛል» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ጋሼና አንተ እያልኩት ኖርን።

ሰውዬው አጭር ነበር፤ ድምፁ ግን የረጅም ሰው ድምፅ ነው። ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ሎሚ ይመጣል። ከዚያ ጫማውን አውልቆ ግድግዳው ሥር ጎን ለጎን ያስቀምጥና በካልሲ ይቆማል። ለምን ብዬ ብጠይቀው የጫማዬ ኮቴ ሌቦቹን ያስነቃብኛል አለኝ፤ እየቀለደ ይሁን የምሩን ይሁን ፊቱ አይናገርም። ከራሱ በላይ ደግሞ አንዲት ትንሽ አምፖል አንጠልጥሏል። አዳራሹ ሲጨልም የምትበራው እሷ ብቻ ናት። ሥራ አስኪያጁ ለፊልሙ ጥራት ሲል እንዲያጠፋት ቢለምነው አሻፈረኝ አለ። ድምፅ ብቻ ከሆንኩ ሬዲዮ ነኝ፣ ሰው ሲያስቀኝ ፊቴን ማየት አለበት አለ።

ጣሊያንኛውን የለቀመው በልጅነቱ አንድ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ነው። ስለዚህ የፍሬንና የካንዴላ፣ የቡሎንና የካቻቢቴ ጣሊያንኛ አለው፤ ስድቡንም አሳምሮ ያውቃል። የፍቅርና የቁም ነገር ጣሊያንኛ ግን አልደረሰበትም፤ አልደበቀንምም። «ከሚናገሩት ግማሹን እሰማለሁ፤ የቀረውን ከኔ ይወስዳሉ» ይላል። አንዲት ቆንጆ በመስኮት ሆና እያለቀሰች ለአንድ ሾፌር ብዙ ነገር ትነግረዋለች። ጋሽ ሀብቴ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ እስክትጨርስ ያዳምጣትና፣ «ልቤ ፍሬኑ ተበጥሷል ነው የምትለው» ይላል። አዳራሹ ይናዳል።

ያ ፊልም፣ ድንኳን ውስጥ የተሳቀበት ማለቴ ነው፣ የጣሊያንኛ ስሙን እስከ ዛሬ አላውቀውም። የግሪኩ ሰው ትቶት የሄደው አንድ አሮጌ ቅጂ ነው፤ ቆርቆሮው ላይ የነበረው ጽሑፍ ተፍቆ አልቋል። አዋሳ «ሌቦቹ» ብላ ጠራችው። ከአዲስ አበባ የሚላክልን የሶቪየት ፊልም ነበር፤ ትራክተር ያርሳል፣ ፋብሪካ ይመረቃል፣ አዳራሹ ባዶ ነው። ፊልሙ የዘገየ ወይም በመንገድ የቀረ እንደሆነ ግን «ሌቦቹ» ይወጣል። ወሬው ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ከሚያወጡት ጆሮ ሳይቀር ይደርስና እስከ ቀትር ትኬት ያልቅብኛል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አራት ሥራ ፈቶች የአንድ ወርቅ ነጋዴ ካዝና ይሰርቃሉ። እንዳይታይባቸው በሬሳ ሳጥን ውስጥ ያደርጉና አንደኛቸው በሚነዳው የሬሳ መኪና ጭነው ይወጣሉ። ግን ሬሳ ሲያልፍ ዝም የሚል ሰው የት አለ? አንዱ ባርኔጣውን አውልቆ ይከተላል፣ ሌላው ይጨመራል፣ አሮጊቶች ማልቀስ ይጀምራሉ። ጋሽ ሀብቴ ጉንጬ ብሎ የሰየመው ወፍራሙ ሌባ የሟች ወንድም መስሎ መሬት ላይ ይንከባለላል። ሌባ የሚፈልገው የፖሊስ መርማሪ ትልቅ ሰው የሞተ መስሎት ማርሽ ባንድ ያስመጣል፣ ለሳጥኑ ሰላምታ ይሰጣል፤ እግረ መንገዱንም ለሕዝቡ ደረቱን ነፍቶ፣ «ሁሉን አውቃለሁ! የሚያመልጠኝ የለም!» ይላል። ካዝናው በክብር ይቀበራል። አንዲት መበለት ለዚህ ጠያቂ ላጣ ሟች አዝና በየቀኑ አበባ ይዛ ስለምትመጣ ቆፍረው ማውጣቱ ይቸግራቸዋል። በስንት መከራ አውጥተው ሲከፍቱት ባዶ ነው።

ለምን ባዶ እንደሆነ ወርቅ ነጋዴው የሚናገርበት ቦታ ነበር። እሱ ላይ ፊልሙ ተቃጥሏል። እዚያ ሲደርስ ሸራው ነጭ ሆኖ ይቆያል። ጋሽ ሀብቴ በዚያ ነጭ ሸራ ፊት ሆኖ ለምን ባዶ እንደሆነ ራሱ ይነግረናል፤ አንድ ቀን የተናገረውን ሌላ ቀን አይደግመውም። አንዴ አማቱ ወስዳዋለች፣ አንዴ በቁማር አልቋል። አንድ ክፉ ሰሞን ደግሞ፣ «ድሮም ባዶ ነበር፤ ሀብታም ያስመሰለው መቆለፉ ነው» አለ። ብዙ ሰው የሚመጣው ለዚያች ነጭ ቦታ ነበር፤ የዛሬው እንዴት ይሆን እያለ።

የመቆሙ ነገር የተጀመረው በአንድ ሽማግሌ ነው። ከፊት ረድፍ ላይ ነበሩ፤ የሬሳ መኪናው ሲመጣ ሳጥኑ ውስጥ ካዝና መኖሩን ረስተውት ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሱ። በኛ አገር ሬሳ እያለፈ ተቀምጦ ማየት ነውር ነው፤ እግራቸው ከሐሳባቸው ቀደመ። ከኋላ ሳቅ ተጀመረ፤ ሽማግሌው ደንገጥ አሉ። ያኔ ጋሽ ሀብቴ በማይክሮፎኑ፣ «ተነሱ እንጂ፣ አባባን ብቻቸውን አታቁሟቸው፤ ሬሳ እያለፈ አይደለም እንዴ?» አለ። አዳራሹ በሙሉ ብድግ አለ። ሽማግሌውም ከሁሉ ቀድመው የተነሱ ሆነው ኮርተው ቆሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሌቦቹ» ሲታይ እዚያ ቦታ ላይ መቆም ወግ ሆነ። እሱ «ተነሱ» ይላል፣ ወንበሩ ሁሉ ይታጠፋል፣ ሴቶቹ ዋይ ዋይ ይላሉ፣ ወንዶቹ ይስቃሉ።

ያ ፊልም ለምን እንደዚያ እንደተወደደ ብዙ አስቤበታለሁ። እርግጥ ነው ያስቃል፤ ግን ያየነውን፣ መጨረሻውን የምናውቀውን ነገር ለማየት ሰው በዝናብ ተሰልፎ የሚጠብቀው ለሳቅ ብቻ አይመስለኝም። በዚያ ፊልም ውስጥ ሳጥን አለ፣ ቀብር አለ፣ ልቅሶ አለ፤ ሬሳ የለም። ከአዳራሹ ውጭ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። ሬሳ አለ፤ ሳጥን የለም፣ ልቅሶም ክልክል ነው። ልጁ መንገድ ላይ ወድቆ ያደረ አባት ዓይኑን ጠርጎ ስብሰባ እንዲወጣ የተገደደበት ጊዜ ነው። አንዲት ሴት ነበረች፤ ሁልጊዜ ከግድግዳው ጋር ያለውን ወንበር የምትመርጥ። ሌላው ዋይ ዋይ እያለ ሲቀልድ እሷ እውነቷን ታለቅስ ነበር። ማንም አይጠይቃትም፤ ለካዝና የምታለቅስ ሴት ምን ወንጀል አለባት? ደግሞ ሌቦቹ ሰርቀውም ተሸንፈውም ማታ እቤታቸው ገብተው እራት ይበላሉ። እኛ ዘንድ ምንም ያልሰረቀ ሰው ወጥቶ ይቀር ነበር። ጋሽ ሀብቴ ይህን ሁሉ ያውቅ እንደሆን ጠይቄው አላውቅም። አንድ ቀን ግን ያቺን ሴት በዓይኑ ጠቆም አድርጎልኝ ለሷ ሲል ቀብሩን ቀስ አድርጎ እንደሚያስተረጉም ነግሮኛል።

አዲሱ ሊቀመንበር ወደኛ ቀበሌ የመጣው ያ ሁሉ ከተለመደ በኋላ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሕዝቡን ሰብስቦ መድረኩ ላይ ወጣ። ስለ አድኃሪያን፣ ስለ ሸቀጥ ደባቂዎች ተናገረ፤ ሰው እንደ ልማዱ በየፊናው እያሰበ ያጨበጭባል። መጨረሻ ላይ ደረቱን ነፋ፣ አገጩን ሰቀለ፣ አውራ ጣቶቹን ቀበቶው ውስጥ ሻጥ አደረገና፣ «ሁሉን እናውቃለን! የሚያመልጠን የለም!» አለ። ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው በታፈነ ሳቅ ፍርፍር አለ፤ ወዲያው ሁሉም። ሊቀመንበሩ ከጀርባው የሆነ ነገር ያለ መስሎት ዞሮ ሸራ የሌለበትን ባዶ ግድግዳ አየ። ይባስ ተሳቀ፤ መርማሪውም በፊልሙ ውስጥ እንዲሁ ዞሮ ያያል፣ ሌቦቹ ሳጥኑን ይዘው በሌላ በኩል ሲያልፉ።

እዚህ ላይ የሰውዬው ጥፋት አልነበረም፣ የጋሽ ሀብቴም አልነበረም። ጋሽ ሀብቴ ያንን ቃል ለመርማሪው የሰጠው ሊቀመንበሩ አዋሳን በካርታ ላይ እንኳ ሳያውቃት ነው። ግን ይህን ማን ያስረዳዋል? የሚነግር አይጠፋምና አንዱ ሄዶ፣ ሲኒማ ቤት ውስጥ እርስዎን የሚያስመስል ሰው አለ ብሎ ነገረው።

ጋሽ ሀብቴን ቀበሌ ጠሩት። ተመልሶ የሆነውን በትኬት መስኮቴ በኩል ነገረኝ። ቃሉ ከእርስዎ በፊት የነበረ ነው ብሎ ቢያስረዳ ሰውዬው ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። ፊልሙን ከልክሉት ቢለውም አልሆነም። ብከለክል መርማሪው እኔ ነኝ ብዬ መመስከሬ ነው ብሎታል፤ ሊቀመንበሩ ያን ያህል ብልጥ ነበር። ስለዚህ ፊልሙ ይታይ፣ ቃሉ ግን ይቀየር። መርማሪው፣ ሕዝብ ሆይ ንብረትህን ጠብቅ ይበል። በሚመጣው እሁድ ራሱ መጥቶ ያዳምጣል፤ ያ ቃል አዳራሹ ውስጥ ከተሰማ ጋሽ ሀብቴ እቤቱ አይገባም።

ጋሽ ሀብቴ ቃሉን መቀየሩን አልፈራም። ቃል ነው፣ ይቀየራል። የፈራው እኛን ነው። ፊልሙን በቃሉ የሚያውቅ ሕዝብ እሱ ዝም ቢል ዝም ይላል ወይ? ስለዚህ ያን ሳምንት ሎሚውን በኪሱ ይዞ ከተማውን ዞረ። ፒያሳ ቡና ቤቶቹ ገባ፣ ፀጉር አስተካካዮቹ ጋ ሄደ፣ ዓሣ አውጪዎቹ ዘንድ ወረደ። ነገሩን ሳይሸፋፍን ነገራቸው። ሳቁ፣ መሳቅ ይቻላል፤ ያንን ቃል ግን እንዳትሉ፣ የምጠየቀው እኔ ነኝ አላቸው። ሁሉም ማሉለት። ያ ጨርቅ ነጋዴ ሻይ አዞለት፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ «ልጆቼ ይሙቱ ጋሽ ሀብቴ፣ ትንፍሽ አንልም» አለው። እኔ አመመኝ በልና ቅር ብዬው ነበር። ብቀር አድማ ነው ይሉኛል፣ ደግሞም ሰው ቃል ሰጥቶኛል አለኝ። ደስ ብሎት ነበር ማለት እችላለሁ፤ ከተማው ሁሉ ሲምልለት ውሎ።

እሁድ አዳራሹ ጢም አለ። ሊቀመንበሩ ከሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጋር የፊት ረድፍ ላይ ተቀመጠ። ጋሽ ሀብቴ ሎሚውን መጠጠ፣ ጫማውን አወለቀ፣ አምፖሏን አበራ። እኔ የትኬቱን መስኮት ዘግቼ በበሩ መጋረጃ ሥር ቆምኩ። እስከ ቀብሩ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር። ሰው ሳቁን እየቆነጠረ ነው የሚስቀው፤ ሊቀመንበሩም አንድ ሁለቴ ትከሻው ሲነቃነቅ አይቻለሁ።

የሬሳ መኪናው መጣ። ጋሽ ሀብቴ «ተነሱ» የምትለውን ዘለላት። ቢዘላትም አዳራሹ ብድግ አለ። ሊቀመንበሩ የወንበሩን መንቋቋት ሰምቶ ዞር ሲል ሕዝቡ በሙሉ ቆሟል። ስብሰባ የለመደ ሰው ነው፤ ሰው ከቆመ የሚቆሙበት ምክንያት አለ ብሎ እሱም ተነስቶ ቀጥ አለ። ልክ በዚያ ቅጽበት ሸራው ላይ መርማሪው ቀጥ ብሎ ለካዝናው ሰላምታ ሰጠ። ሁለቱ ፊትና ኋላ ቆመው ሲታዩ ሳቁ ጣሪያውን አነሳው። መርማሪው ደረቱን ነፋ፣ አፉን ከፈተ። ጋሽ ሀብቴ፣ «ሕዝብ ሆይ ንብረትህን ጠብቅ ይላል» አለ። የሰማው ሰው ያለ አይመስለኝም። ጨለማው በሙሉ በአንድ ድምፅ፣ በሱ ድምፅ፣ «ሁሉን አውቃለሁ! የሚያመልጠኝ የለም!» አለ።

መብራት ይብራ ተባለ። ሲበራ ሁሉም ተቀምጧል፤ እጅ ጉልበት ላይ፣ ዓይን መሬት ላይ። ሊቀመንበሩ ማነው ያለው ብሎ ጠየቀ። ይህን ቃል ማን አስተማራችሁ ብሎ ጠየቀ። እዚህ ላይ ማንም ጣቱን አልቀሰረም፣ ይህን አልዋሽም። ዓይኑን ግን ያላነሳ አልነበረም፤ ዓይኑ ሁሉ በቀስታ ወደዚያች አምፖል ሄደ። ጋሽ ሀብቴ ማይክሮፎኑን እንደያዘ ነበር። «እኔ ዛሬ አላልኩትም» አለ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሮ፣ «ሰምታችኋል አይደል?» አለ። ማይክሮፎኑ ላይ ስለነበር ጥያቄው እስከ ኋላ ወንበር ድረስ ደረሰ። መልስ ጠበቀ። ጨርቅ ነጋዴው ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስር ጀመር።

በመሃለኛው መተላለፊያ በካልሲው ወሰዱት። ረድፉን ሁሉ አልፎ ነው የወጣው፤ ለካዝና የተነሳው አዳራሽ ለሱ አልተነሳም። እኔ ጋ ሲደርስ አምፖሏን አጥፊያት አለኝ።

ጫማውን ይዤ ማርታ ጋ የሄድኩት እኔ ነኝ። በሩ ላይ ጫማውን ስታይ ገባት። ተቀብላኝ እቅፏ ውስጥ አደረገችውና ምን ብሎ ነው አለች። ምንም አላለም አልኳት። «እንዴ፣ ምንም ያላለ ሰው ይታሰራል?» አለች። የታሰረው በሌላ ሰው አፍ ነው ብላት አልገባትም፤ እኔም እስከ ዛሬ አልገባኝም። ከዚያ በኋላ ክረምት ገብቶ ወጣ፣ ሌላም ክረምት ገባ። ስንቅ ስታመላልስ ከተማው መንገድ ይለውጥባት ጀመር። ጎረቤቶቿ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም እያሉ ሲያንሾካሹኩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። የማን አፍ ወለምታ? ሻይ ያዘዙለት፣ ልጆቼ ይሙቱ ያሉት፣ አንዳቸውም እንኳ አንዲት ሎሚ አልላኩለትም።

ፊልሙ መታየቱን አላቋረጠም። ይህን ሳስብ ነው ይበልጥ የሚያንገበግበኝ። ሊቀመንበሩ ሹመት አግኝቶ ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር «ሌቦቹ» እንደገና ወጣ፤ አስተርጓሚ የለም፣ ማይክሮፎኑ ቦታው ላይ ቆሟል። ሕዝቡ አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የልብ ፍሬኑን፣ የጉንጬን ልቅሶ፣ የመርማሪውን ቃል፣ ሁሉንም በጋሽ ሀብቴ ድምፅ እያስመሰለ አለው። ለካዝናው ተነሳ፣ ተቀመጠ። የተቃጠለው ቦታ ሲደርስ ግን ሸራው ነጭ ሆነ፣ አዳራሹም ዝም አለ። እዚያ ላይ በቃል የሚጠና ነገር አልነበረማ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ፤ ካዝናው ለምን ባዶ እንደሆነ የሚናገር ጠፋ።

ጋሽ ሀብቴ ሲፈታ ያ የረጅም ሰው ድምፅ አብሮት አልወጣም። ምን እንዳደረጉት ለማርታም አልተናገረም። ሲናገር ጆሮን ወደ አፉ ማስጠጋት ያስፈልጋል። አዲስ ከተማ መንገድ ዳር ጎማ ይለጥፍ ጀመር። ሰው ሲያየው ገና ከሩቅ ደረቱን ይነፋና ቃሉን ይልለታል፤ ማስደሰቱ ነው። እሱ ጎማውን ውሃ ውስጥ እየነከረ ቀዳዳውን ይፈልጋል።

አንድ እሁድ መስኮቴ ላይ መጣ። ትኬት ቆርጬ ሰጠሁት። ከኋላ፣ ከዚያች ከምታለቅሰው ሴት ወንበር አጠገብ ተቀመጠ። ሴትየዋ መምጣት ካቆመች ቆይታለች። ወሬው በረድፎቹ መካከል ሮጠ፤ ጋሽ ሀብቴ አለ፣ ጋሽ ሀብቴ መጥቷል። ሕዝቡ ለሱ ብሎ ይሁን ለራሱ፣ ያን ዕለት የፊልሙን ቃል ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለው። የሬሳ መኪናው ሲመጣ ሁሉም ቆመ። እሱ ብቻ ተቀምጦ ቀረ፤ ከቆመው ሕዝብ ሥር ስላልታየ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። በኋላ ሸራው ነጭ ሲሆን አዳራሹ ዞሮ ወደሱ ተመለከተ። የሸራው ብርሃን ፊቱ ላይ ወድቆ ነበር። አንዱ፣ «ጋሽ ሀብቴ፣ እስቲ ዛሬ ለምን ባዶ ሆነ?» አለው። ሁሉም፣ ያኔ እሱ መልስ ሲጠብቅ እንደነበረው፣ ጠበቁት። ተነሳና በመሃለኛው መተላለፊያ ቀስ ብሎ ወጣ።

በሩ ላይ ጆሮዬን አስጠጋሁለት። «ብርቄ፣ ለካዝና ይነሳሉ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ሲኒማ ቤቱን አልረገጠውም፤ ስለ ፊልሙም ሲያነሳ ሰምቼው አላውቅም።

ይኸው ዛሬ ደርግም የለም፣ ሊቀመንበሩም የት እንደደረሰ አይታወቅም። ያ የጨለማ ጩኸት ግን የአዋሳ ጀግንነት ሆኖ ይወራል። ጀግንነቱን ይውሰዱት፣ አልከራከርም። ያኔ ግን አዳራሹ ውስጥ ፊቱ የሚታይ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ያን ቀን ቃሉን አላለውም። ወደ ድንኳኑ ወጥቼ ይህን ልናገር ሁለቴ ተነስቼ ነበር፤ ማርታ ሁለቴም ቀሚሴን ይዛ አስቀመጠችኝ። አንቺ ማወቅሽ ለኔ ይበቃኛል፣ ዛሬ ለሱ ሲባል ዝም በዪ አለችኝ።

ወንዶች ወደ ውስጥ ገብተው ሳጥኑን አነሱ። ማርታ ተደግፋኝ ቆመች። ሳጥኑ በበሩ ብቅ ሲል የድንኳኑ ሳቅ ቀጥ አለ። ጨርቅ ነጋዴው ባርኔጣውን አወለቀ፣ ወንበሮቹ ተንቋቁ፣ ሁሉም ብድግ አለ። ለሳጥን መነሳት ያውቁበታል።